ከፍጹም ቅጣት ምቱ በፊት

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. እሑድ ነበር። ጥምቀት አልፎ፣ የቃና ዘገሊላው ሚካኤልም ከገባ ገና ማግስቱ ነው። አዲስ አበባ ስታዲየም ውስጥ ኢትዮጵያ ለአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ከግብጽ ጋር ገጥማለች፤ ግብጽ ያኔ የተባበሩት ዓረብ ሪፐብሊክ ትባል ነበር። ግብጾች ሁለት ጊዜ መሩ። ሁለቱንም ጊዜ የእኛዎቹ ደረሱባቸው፤ መጀመሪያ ግርማ ተክሌ፣ ኋላ ሉቺያኖ ቫሳሎ። ጨዋታው ወደ ተጨማሪ ሰዓት ሄደና የሉቺያኖ ወንድም ኢታሎ ሦስተኛውን ጎል አገባ። ሊያልቅ ሦስት ደቂቃ ሲቀረው ደግሞ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን ጨመረ። 4 ለ 2። ዋንጫውን አፄ ኃይለ ሥላሴ ለአምበሉ ለሉቺያኖ ሰጡት።

መንግሥቱ ያኔ ሃያዎቹን ገና የጀመረ የቅዱስ ጊዮርጊስ አጥቂ ነው። በዚያው ውድድር ጥር 6 ቀን ቱኒዚያ 2 ለ 0 መርታ 4 ለ 2 ስትሸነፍ የመጨረሻዎቹን ሁለት ጎሎች ያስቆጠረው እሱ ነበር። ሦስት ጎል ይዞ ከግብጹ በዳዊ ጋር የውድድሩ ኮከብ ጎል አግቢ ሆነ፤ በአፍሪካ ዋንጫ ታሪኩ በጠቅላላው 10 ጎል አለው። ይህ ወሬ በእኛ በኩል፣ ጎጃም ውስጥ፣ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ የደረሰው ራዲዮ ከነበረው ከአንዳንድ ሰው ቤትና ከአዲስ አበባ ከመጣ ተሳፋሪ አፍ መሆን አለበት። ገጠሩማ የሰማው ከነጭራሹ ቆይቶ ነው።

ሃያ ዓመት አለፈ። በ1974 ዓ.ም. ሊቢያ ላይ በተደረገው ውድድር ያው መንግሥቱ አሁን አሰልጣኝ ሆኖ ብሔራዊ ቡድኑን ይዞ ሄደ። በናይጄሪያ 3 ለ 0፣ በዛምቢያ 1 ለ 0 ተሸነፉ፤ ከአልጄሪያ ጋር 0 ለ 0 ወጡ። በሦስት ጨዋታ አንድም ጎል አላገቡም። አሥር ጎል ያለው ሰው ያሰለጠነው ቡድን ጎል ሳያገባ ተመለሰ፤ ኳስ እንዲህ ያለ ጨካኝ ነገር አላት። ከዚያ በኋላ የአፍሪካ ዋንጫ በር ለ31 ዓመት ተዘጋ። አንድ ሙሉ ትውልድ አገሩን በዚያ ውድድር ሳያይ አደገ፤ በእኛ በኩል የተወለደውም ልጅ አርሰናልንና ማንቸስተርን እንደ አገሩ ቡድን ይዞ ተጣላባቸው።

ሳላዲን ሰዒድ የዚያ ትውልድ ልጅ ነው። የተወለደው ጥቅምት 1981 ዓ.ም. ሲሆን የተገኘው ዛሬ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ከሚባለው አገር ነው። ከዚህ ክልል አንዱ ወገን፣ መተከል፣ በቀድሞው አስተዳደር የጎጃም ክፍለ ሀገር አውራጃ ነበር። አፄ ኃይለ ሥላሴም በ1933 ዓ.ም. ከስደት ሲመለሱ በበላያ አድርገው ወደ ቡሬ የወጡት በዚያው አቅጣጫ ነው። ስለዚህ የፍኖተ ሰላም ሰው ሳላዲንን የጎረቤት ልጅ ቢለው ብዙም አልተሳሳተም። እንዲያውም ኳስ ሲታይ ከሳላዲን በኩል መቀመጥ እንደ ዝምድና ግዴታ የሚቆጠርበት ጊዜ ነበር።

ከምዕራብ የአገሪቱ ዳር ተነስቶ አጥቂ መሆን ምን ማለት እንደነበር ለማወቅ የእኛን ሜዳዎች ማየት ይበቃል። አሮጌ ካልሲ ውስጥ ብጣሽ ጨርቅ ይጠቀጠቃል፣ ፌስታል ይጨመርበታል፣ ከላይ በሲባጎ ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል። ዝናብ ከነካው ይከብዳል፤ ሲደርቅም ቅርጹ ይጣመማል። እንዲህ ያለው ኳስ አይነጥርም፤ መሬት መሬቱን ነው የሚሄድ። የጎሉ ቋሚ ሁለት ድንጋይ ነው፤ አግዳሚ የሚባል ነገር ስለሌለ ከፍ ብላ ያለፈች ኳስ ሁሉ ጠብ ታስነሳለች። ሜዳው ደግሞ አዝመራው እስኪሰበሰብ የለም። ከታኅሣሥ በኋላ ቃርሚያው ተለቅሞ፣ ከብት ገብቶበት፣ ገለባው ተረግጦ ሲያልቅ ነው ልጁ እንደልቡ የሚሮጥበት። ከዚያ ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤት የቀበሌና የወረዳ ቡድን፣ ከወረዳ ደግሞ አንድ ዓይኑ የተገለጠ መልማይ በአጋጣሚ ካየ ወደ ክለብ። መሰላሉ ይኸው ነው፤ ብዙው እርከኑም የተሰበረ ነው። በዳሞት ምድር ስንት እግር በዚህ መሰላል ሥር እንደቀረ የሚቆጥር የለም።

ሳላዲንን ያነሳው ክለብ ሙገር ሲሚንቶ ነው። በዚያ ዘመን የአገራችን እግር ኳስ የቆመው በፋብሪካና በመሥሪያ ቤት ጀርባ ነበር፤ ባንክ ቡድን አለው፣ መብራት ኃይል አለው፣ መድን አለው፣ ሲሚንቶ ፋብሪካውም አለው። ተጫዋቹ ደመወዙን ከድርጅቱ ይወስዳል። ደጋፊው ጥቂት ነው፤ ጋዜጣ ላይ ስሙ የሚወጣው ትልቅ ክለብ ላይ ካገባ ብቻ ነው። ሳላዲን በ1998 ዓ.ም. ገደማ በ17 ዓመቱ እዚያ ጀመረና ሁለት የውድድር ዘመን ያህል ቆየ። ለአጥቂ ይህ ጥሩ ትምህርት ቤት ነው። መካከለኛ ቡድን ውስጥ ኳስ በጨዋታ ሦስት ወይም አራት ጊዜ ብትደርስህ ነው፤ በእነዚያ ነው የምትመዘነው።

በ2000 ዓ.ም. ወደ ቅዱስ ጊዮርጊስ ተዛወረ። ጊዮርጊስ በ1928 ዓ.ም. የተመሠረተ፣ የመንግሥቱ ወርቁና የይድነቃቸው ተሰማ ክለብ ነው። እዚያ ለሚጫወት አጥቂ ማግባት እንደ ሥራ ግዴታ ይታያል እንጂ አያስመሰግንም፤ ካላገባ ግን የስታዲየሙ ግማሽ ይሰድበዋል። ሳላዲን በመጣ በዓመቱ ክለቡ የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ አነሳ፤ በ2001ና በ2002ም ደገመው። በ2003 ዋንጫውን ኢትዮጵያ ቡና ወሰደ። በመካከሉ አዳነ ግርማ ከሐዋሳ መጥቶ ተቀላቀለውና ሁለቱ በአንድ የፊት መስመር መጫወት ጀመሩ። ይህ ጥምረት ኋላ ለአገር የሚበጅ ሆኗል።

ለአገር የሚጫወትበት ዕድል ግን በዚያው በጊዮርጊስ መጀመሪያ ዓመቱ ተሰናከለ። ሐምሌ 2000 ዓ.ም. ፌዴሬሽኑ ውስጥ በተነሳው የሥልጣን ውዝግብ ምክንያት ፊፋ ኢትዮጵያን አገደ። አዲሱ ዓመት በገባ በቀናት ውስጥ ደግሞ ቡድናችን ከ2010ሩ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ተባረረና ያደረጋቸው ጨዋታዎች ውጤት ሁሉ ተሰረዘ። የሃያ ዓመት አጥቂ እግሩ በጣም በሚፈጥንበት ሰዓት ቢሮ ውስጥ የተጣሉ ሰዎች ሜዳውን ዘጉበት። እገዳው በቀጣዩ ዓመት ቢነሳም ያ ማጣሪያ አልተመለሰም። ስለዚያ ዘመን ሲወራ የሚጠቀሱት የቢሮ ሰዎች ናቸው፤ ተጫዋቾቹን የሚያነሳ ጥቂት ነው።

በ2003 ክረምት ሳላዲን ወደ ግብጹ ዋዲ ደግላ ሄደ። ዋዲ ደግላ የማጅድ ሳሚ ክለብ ነው፤ ባለሀብቱ የቤልጂየሙን ሊርስንም ይዞ ነበርና ሳላዲን በግብጽ ዓመታቱ መካከል ለጥቂት ጊዜ በውሰት እዚያም ተጫውቷል፤ ግን ቤልጂየም አልያዘችለትም። ካይሮ ነበር የተመቸው። ካይሮም ቢሆን ብዙ ሳይቆይ ሌላ መከራ መጣ። ጥር 23 ቀን 2004 ዓ.ም. ፖርት ሰዒድ ስታዲየም ውስጥ በተነሳ ጥቃት ከ70 በላይ ደጋፊዎች ሞቱ። የግብጽ ሊግ ቆመ፣ ኋላም ጨርሶ ተሰረዘ፤ ለአንድ ዓመት ያህልም አልተካሄደም። ከዚህ በኋላ ለሳላዲን ብሔራዊ ቡድኑ ዋናው ሜዳው ሆነ ማለት ይቻላል።

አሰልጣኙ ሰውነት ቢሻው ነበሩ። ግንቦት 26 ቀን 2004 ዓ.ም. ቡድኑ ለ2014ቱ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ደቡብ አፍሪካ ሩስተንበርግ ገባ። ባለሜዳዎቹ ከሁለት ዓመት በፊት የዓለም ዋንጫን ያዘጋጁ ናቸው፤ ሜዳውም ያኔ የዓለም ዋንጫ ጨዋታዎች የተካሄዱበት ነው። ሳላዲን በመጀመሪያው አጋማሽ አገባ። ካትሌጎ ምፌላ በሁለተኛው አጋማሽ አቻ ቢያደርግም ደቡብ አፍሪካዎች ውጤቱን እንደ ሽንፈት ቆጠሩትና በማግስቱ አሰልጣኛቸውን ፒትሶ ሞሲማኔን አባረሩ። ያ ሰው በኋላ አል አህሊን የአፍሪካ ሻምፒዮን ያደረገው ታላቅ አሰልጣኝ ነው። ከሳምንት በኋላ ሰኔ 3 ቀን አዲስ አበባ ላይ ማዕከላዊ አፍሪካ ሪፐብሊክ 2 ለ 0 ተሸነፈች፤ ሁለቱንም ሳላዲን አስቆጠረ። በአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ ደግሞ ቡድኑ በሜዳው ከቤኒን 0 ለ 0 ወጥቶ ሰኔ 10 ቀን ኮቶኑ ላይ 1 ለ 1 ተለያየና ከሜዳው ውጪ በገባች በአዳነ ጎል አለፈ።

የቀረችው ሱዳን ነበረች።

የመጀመሪያው ጨዋታ ጳጉሜን 3 ቀን ኦምዱርማን ላይ ተደረገ። ዕለቱ ሩፋኤል ነው፤ በእኛ አገር ልጁ ሁሉ ቀን ዝናቡን ጠበል ብሎ ሲረጥብበት ይውላል። አገሩ ከሳምንት በፊት ጠቅላይ ሚኒስትሩን የቀበረ ሐዘንተኛ አገር ነበር፤ ማታ ራዲዮው የሚያወራውም ብዙ የሚያስደስት ነገር አልነበረውም። 5 ለ 3 ተሸነፍን። አምስት ጎል መቆጠር ያሳፍራል፤ ሆኖም ሒሳብ የሚያውቅ ሰው ሦስቱን ያዘ። ከሜዳ ውጪ የገባ ጎል በእኩል ጊዜ ይቆጠራልና አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 ካሸነፍን እናልፋለን። ሱዳን አንድ ካገባች ግን ሁለቱ አይበቁም።

ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. እሑድ ደረሰ። አዲስ አበባ ላይ ሰው ከዋዜማው ጀምሮ ስታዲየሙ በር ላይ ሲሰለፍ አደረ። በቡሬ ገጠር ያ ሰሞን በርበሬው መቅላት የሚጀምርበት፣ በቆሎው እሸትነቱን ጨርሶ የሚደርቅበት ነው፤ ወፍና ዝንጀሮ የሚጠብቅ ሰው ከማሳው አይለይም። ራዲዮ ያለው አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ወጣ። ድንጋዩ ያረጀበት ሰው ደግሞ ጠዋት አውጥቶ ፀሐይ ላይ አስጥቶት ዋለ፤ ሲሞቅ ትንሽ ነፍስ ይዘራልና ለጨዋታው ሰዓት ይደርሳል። ከተማ ውስጥ ቴሌቪዥን ያለበት ሻይ ቤት ሁሉ ከበሩ ውጪ ድረስ ሰው ቆሞበታል።

የመጀመሪያው አጋማሽ ያለ ጎል አለቀ። በሁለተኛው አዳነ ግርማ አንዱን አገባ። ብዙም ሳይቆይ ሳላዲን ሁለተኛውን ደገመ። በደርሶ መልስ 5 ለ 5፣ ከሜዳ ውጪ በገቡት ጎሎች ኢትዮጵያ አላፊ። ግን ጨዋታው ገና አላለቀም፤ አንዲት የሱዳን ጎል የ31 ዓመቱን ጥበቃ ልታራዝም ትችላለች። በዚያ ሰዓት ራዲዮ የያዘ ሰው ዙሪያ የቆመው ሁሉ ዝም በሉ እየተባባለ የሚጮኸው እሱው ነበር። ፊሽካው ሲነፋ የአዲስ አበባ ጎዳና ሰው ብቻ ሆነ፤ በእኛ በኩል ደግሞ ማሳ ላይ ወፍ የሚጠብቅ ሰው ወንጭፉን ወደ ሰማይ እያስጮኸ ጨፈረ። የ1954ቱ መንግሥቱ ወርቁ ይህን አላየም፤ በታኅሣሥ 2003 ዓ.ም. አርፏል።

ከሦስት ወር በኋላ ብሔራዊ ቡድናችን ዋልያዎቹ ደቡብ አፍሪካ ነልስፕሩት ከተማ ገቡ። የመጀመሪያ ተጋጣሚያቸው ዛምቢያ ናት፤ የዋንጫው ባለቤት። ዕለቱ ሰኞ፣ ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም.። ከግብጹ ፍጻሜ ልክ በ51 ዓመቱ፣ ያውም በዚያው ቀን። የፊፋም የካፍም ወረቀት በፈረንጆች ቀን ስለሚጻፍ ይህን መገጣጠም ልብ ያለው ጥቂት ሰው ነው። ጎጃም ውስጥ ጤፉ ተወቅቶ አውድማው ያልተነሳበት፣ የጥምቀቱ ጭፈራ ከጉሮሮ ያልወጣበት ቀን ነበር።

ጨዋታው በተጀመረ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ኢትዮጵያ ፍጹም ቅጣት ምት አገኘች። ሳላዲን ኳሷን ይዞ ቆመ። መታ፤ ኬኔዲ ሙዊኔ አዳነበት።

ከዚያ በኋላ የሆነው ብዙ ነው። ግብ ጠባቂያችን ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ፤ ዘሪሁን ታደለ ተተካ። ከተመልካቹ መካከል የተቆጡ ሰዎች ጥሩምባና ጠርሙስ ወደ ሜዳ ወረወሩ። ዕረፍት ሊወጣ ሲል ኮሊንስ ምቤሱማ ለዛምቢያ አገባ። በአሥር ሰው ሁለተኛውን አጋማሽ የጀመረው ቡድን ግን ተስፋ አልቆረጠም፤ አዳነ ግርማ በ65ኛው ደቂቃ አቻ አደረገ። ኢትዮጵያ በአፍሪካ ዋንጫ ጎል ስታገባ ከ1968 ዓ.ም. ወዲህ የመጀመሪያዋ ነበር። 1 ለ 1።

ይህ ሁሉ ሆኖ ሰው አፍ ውስጥ የቀረችው ሪጎሬዋ ናት። ሽማግሌዎቹ ሪጎሬ ይሏታል፣ ልጆቹ ፔናሊቲ፤ ፍርዱ ግን አንድ ነው። እስከ ዛሬ የሳላዲን ስም በተነሳ ቁጥር አንዱ «ያቺን ባይስት ኖሮ» ሳይል አይቀርም። እኔ በዚህ አልስማማም። ሙዊኔ ተራ በረኛ አልነበረም፤ ከዓመት በፊት ቡድኑ ዋንጫውን ሲያነሳ በሩን የጠበቀው እሱ ነው። ከኢትዮጵያ ጨዋታ አራት ቀን በኋላ ደግሞ ዛምቢያ ናይጄሪያ ላይ ፍጹም ቅጣት ምት ስታገኝ ራሱ ከበሩ ወጥቶ ሄዶ አገባና 1 ለ 1 አወጣቸው። ቅጣት ምት መምታትም መመለስም የሚያውቅ ሰው ነበር ከፊቱ የቆመው። ከሁሉ በላይ ግን ጥቅምት 4 ቀን የገባችው ጎል ባትኖር ነልስፕሩት ላይ የሚሳት ፍጹም ቅጣት ምት ራሱ አይኖርም።

የቀረው ፈጥኖ አለቀ። ጥር 17 ቀን ቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0 አሸነፈን፤ እሱም ግብ ጠባቂያቸው በቀይ ከወጣ በኋላ ጭምር ነው፣ ለዚህ ማመካኛ አላገኝም። ጥር 21 ቀን ሩስተንበርግ ላይ ናይጄሪያን እስከ 80ኛው ደቂቃ ያዝናት፤ ከዚያ ቪክቶር ሞሰስ ሁለት ፍጹም ቅጣት ምቶች አገባ፣ ሲሳይ ባንጫም በቀይ ወጣ። ናይጄሪያና ቡርኪና ፋሶ በዚያው ውድድር ለፍጻሜ ደረሱ፤ ዋንጫውን ናይጄሪያ ወሰደች። የወጣንበት ምድብ የነባሩን ሻምፒዮን፣ የአዲሱን ሻምፒዮንና ሁለተኛውን የያዘ ነበር ማለት ነው።

ሳላዲን ከስህተቱ በኋላ አልጠፋም። ሰኔ 1 ቀን 2005 ዓ.ም. ቦትስዋና ሎባትሴ ላይ ጌታነህ ከበደ አንድ፣ እሱ አንድ አግብተው 2 ለ 1 አሸነፉ። ሰኔ 9 ቀን ደቡብ አፍሪካ አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1 ስትረታ አገሩ የዓለም ዋንጫ አፋፍ የደረሰ መሰለው። የደስታው ጭፈራ ሳይበርድ በዚያው ዕለት ፊፋ ምርመራ መጀመሩን አስታወቀ፤ ሁለት ቢጫ ካርድ የነበረበት ምንያህል ተሾመ ቦትስዋና ላይ መሰለፍ አልነበረበትም። የሎባትሴው ድል ተሰረዘ፣ ሦስት ነጥብ ሄደ። እንደገና ቢሮ ውስጥ የተሠራ ስህተት ሜዳ ላይ የተገኘ ድል በላ፤ ሳላዲን ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ ያውቀዋል ይህን። ምድቡን ለማሸነፍ የመጨረሻዋን ጨዋታ ማሸነፍ ግድ ሆነ። ጳጉሜን 2 ቀን ብራዛቪል ላይ ከማዕከላዊ አፍሪካ ሪፐብሊክ ጋር በተደረገው ጨዋታ ለእኛ ያገቡት ራሱ ምንያህልና ሳላዲን ናቸው። 2 ለ 1 አልቆ ኢትዮጵያ ከአፍሪካ የመጨረሻዎቹ አሥር ቡድኖች አንዷ ሆነች።

ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ናይጄሪያ መጣች። በኃይሉ አሰፋ አገባልን፣ ኢማኑኤል ኢሜኒኬ ሁለት መለሰ። ኅዳር ላይ ካላባር 2 ለ 0 ተሸነፍን። ኢትዮጵያ ያን ያህል ወደ ዓለም ዋንጫ የቀረበችበት ጊዜ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም የለም።

በ2006 ክረምት የካይሮው አል አህሊ ሳላዲንን ከዋዲ ደግላ ወሰደው። አል አህሊ ያኔ በአፍሪካ ከማንም በላይ ዋንጫ የሰበሰበ ክለብ ነበር። ሳላዲን 26 ዓመት አልሞላውም።